ከሥዕሉ የወጣው ተርባይን

ከአዳማ በላይ ባለው ሸንተረር ላይ 136 የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል። የመጀመሪያዎቹ 34 በ2012፣ ቀሪዎቹ 102 በ2015 ሥራ ጀመሩ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ የሚመጣ ሰው ከተማዋን ሳያይ እነሱን ያያል። በሥዕል መሸጫዎች፣ በሆቴል መተላለፊያዎችና በምግብ ቤት ግድግዳዎች ላይ የማየው የስምጥ ሸለቆ ግን እነሱን አያውቃቸውም። ግራር አለ፣ የሣር ጎጆ አለ፣ እንስራ ያዘለች ሴት አለች፣ ጀምበር ከሐይቁ ማዶ ቀልታ ትጠልቃለች። ተርባይን ያለበት ሥዕል ገና አልገጠመኝም።

ይህ ነገር በሥዕል ወዳጆች መካከል ሲነሳ ሰዉ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን፣ ሠዓሊዎቻችን ከቤት አይወጡም፣ የሚስሉት በዓይናቸው ያዩትን አገር ሳይሆን ሌላ ሥዕል ላይ ያዩትን ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ሠዓሊ የመሬት ቀያሽ አይደለም፣ የሚተወውን መተው መብቱ ነው፣ ሥዕል የሚወጣው ከውስጥ ነው ብሎ ይመልሳል። ብዙ ጊዜ ወሬው እዚህ ላይ ይቆምና ቡናው ይቀጥላል።

ሙግቱ ግን ከእኛ በፊት ብዙ ተጉዟል። በአውሮፓ ባሮክ በሚባለው ዘመን፣ በግምት ከ1600 እስከ 1750 ባለው ጊዜ፣ መልክዓ ምድር የቅዱሳን ሥዕል ጀርባ መሙያ መሆኑ ቀርቶ ራሱን የቻለ ርዕሰ ጉዳይ ሆነ። ወጥቶ ከተፈጥሮ እያዩ መንደፍም የሙያው ልማድ እየሆነ መጣ። ካሬል ቫን ማንደር በ1604 ባሳተመው የሠዓሊዎች መጽሐፍ ወጣቶችን ማልደው ከከተማ እንዲወጡ፣ ጤዛውንና የሩቁን ጭጋግ እንዲያስተውሉ ይመክራል። በዚያው መጽሐፍ ደግሞ ሳያዩ ከሐሳብ መሳልን የብስለት ምልክት አድርጎ ያከብረዋል። ሁለቱን ያጣላቸው እሱ ሳይሆን በኋላ የመጣው አንባቢ ይመስለኛል።

ለመጀመሪያው ወገን ከሆላንዳዊው ሠዓሊ ከያኮብ ቫን ራይስዳል የተሻለ ምስክር የለም። በ1670 ገደማ በሳለው ታዋቂ ሥዕሉ፣ ዛሬ በአምስተርዳም ራይክስ ሙዚየም በተሰቀለው፣ ከሁሉ በላይ ገዝፎ የቆመው የነፋስ ወፍጮ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ማማና የመኳንንቱ ግንብ ሳይቀሩ ከወፍጮው ጀርባ ዝቅ ብለዋል። የነፋስ ወፍጮ ያኔ እህል የሚፈጭ፣ እንጨት የሚሰነጥቅ፣ ከረግረግ ውኃ የሚቀዳ ማሽን ነበር። ሆላንዶች በ1612 ቤምስተር የተባለውን ሐይቅ አድርቀው እርሻ ያደረጉት በእነዚህ ወፍጮዎች ነው። ዛሬ ለእኛ የፖስትካርድ ጌጥ የሚመስለው ነገር ለራይስዳል የዘመኑ ቴክኖሎጂ ነበር፤ አላፈረበትም፣ ከሥዕሉም አላወጣውም። እንዲህ ከሆነ የአዳማ ሠዓሊ ተርባይኑን የሚሸሸው ለምንድን ነው?

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ያው ራይስዳል ለሁለተኛውም ወገን ይመሰክራል። ከአምስተርዳም ወጣ ብላ ባለችው አውደርከርክ የሚገኘውን የአይሁድ መካነ መቃብር ቁጭ ብሎ ነድፎታል። ንድፎቹ እስከ ዛሬ በሃርለም አሉ፤ የመቃብሮቹ ድንጋዮች የማን እንደሆኑ ሳይቀር ይለያሉ። በ1650ዎቹ ከእነዚህ ንድፎች ተነሥቶ በሠራቸው ሁለት ትልልቅ የቀለም ሥዕሎች ላይ ግን ቦታው ሌላ ነው። በመቃብሮቹ መካከል በዚያ ያልነበረ ወንዝ ይፈስሳል፣ ከሌላ ቦታ የመጣ የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ቆሟል፣ የደረቀ ዛፍና ቀስተ ደመና ተጨምሯል። ቤንትሃይም የተባለውንም ግንብ ከትንሽ ጉብታው ላይ አንሥቶ በደን በተሸፈነ ተራራ ጫፍ ላይ ሰቅሎታል። ይህን ሰው ውሸታም የሚለው የለም። መቃብሩን ያየ፣ የነደፈ፣ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያደረገ ሰው ነው።

ክርክሩ የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ንድፍና ሥዕል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሆነው ሳለ እንደ አንድ ቆጥረን እንጣላለን። ክሎድ ሎረን አብዛኛውን ሕይወቱን በሮም የኖረና በዓለም ላይ የሌለ ውብ አገር በመሳል የከበረ ሠዓሊ ነው። ወዳጁ ዮአኪም ፎን ዛንድራርት እንደጻፈው ግን ያ ሰው ጎህ ሳይቀድ ሜዳ ወጥቶ የንጋትን ብርሃን ሲከታተል ይውላል። ሬምብራንትም በ1640ዎቹ በአምስተል ወንዝ ዳር እየተዘዋወረ የነደፋቸው የገበሬ ቤቶችና ድልድዮች ዛሬም ቦታቸው ይታወቃል፤ በዘይት ቀለም የሠራቸው ጥቂት መልክዓ ምድሮች ግን ከሐሳብ ናቸው። በነገራችን ላይ የአምስተርዳምን ከተማ ከሩቅ ያሳየበት የመዳብ ሕትመቱ ግራና ቀኙ ተገላብጧል። በመዳቡ ላይ እንዳየው ቀርጾ ሲያትመው ዞረበት፤ እሱም አላስጨነቀውም። እውነተኛ ከሚባሉት የከተማ ምስሎች አንዱ ይህ ነው እንግዲህ።

የንድፍ ጥቅም ምን እንደሆነ በደንብ የሚያሳየው የፍላንደርሱ ሠዓሊ ሩበንስ ነው። በእርጅናው በነደፋት አንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ዛፎች በውኃ ላይ ጥላቸውን ጥለው ይታያሉ። ከንድፉ ጋር በእጁ ማስታወሻ ጽፎበታል፤ የዛፉ ምስል በውኃው ውስጥ ከዛፉ ከራሱ ይልቅ የጠቆረና የተሟላ መሆኑን ይናገራል። ይህን ቤት ተቀምጦ የሚደርስበት ሰው የለም። ሰማይ ላይ የቆመ ቅጠል በብርሃን ይበላል፣ ውኃው ግን የሰማዩን ብርሃን ቀንሶ ቅርጹን ይመልሰዋል፤ ይህን ለማወቅ ውኃ ዳር መቀመጥ ያስፈልጋል።

ላንጋኖ ዳር ቢቀመጥ ደግሞ ሩበንስ ሌላ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። የላንጋኖ ውኃ ደቃቅ አፈር ያዘለ ስለሆነ መልኩ ወተት የበዛበት ሻይ ነው፤ ጥላን የሚመልሰውም እንደ ጠራ ውኃ አይደለም። በሥዕል የማየው ላንጋኖ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ነው። በየቤቱ ከምናየው የስዊዘርላንድ ሐይቅ ፖስተር የተወሰደ ሰማያዊ። በበጋም አቧራ አየሩን ሲሞላው ከአዳማ ሲታይ ቦሰት ተራራ ወደ ነጭና ወደ ቢጫ ይደበዝዛል፤ የአውሮፓ መጽሐፍ ሩቅ ያለ ነገር ሰማያዊ ይሆናል ስላለ ብቻ ሰማያዊ የምንቀባው ከሆነ የሳልነው የሌላ አገር አየር ነው። ተርባይን መተው ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ሰማያዊ ላንጋኖ ግን ብዙውን ጊዜ ምርጫ ሳይሆን አለማየት ነው። ለመጀመሪያው ወገን የምሰጠው አንድ ትልቅ ነጥብ ይህ ነው።

ሁለተኛው ወገን ከዚህ የጠነከረ መልስ አለው፤ የሚያመጣውም ከጎንደር ነው። በ1590ዎቹ መጀመሪያ በሮም የሜዲቺ ማተሚያ ቤት በዐረብኛ የታተመ የወንጌል መጽሐፍ ነበር። በውስጡ የአንቶኒዮ ቴምፔስታ የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች አሉበት። ቴምፔስታ በአደንና በመልክዓ ምድር ሥራዎቹ የታወቀ ሰው ነው። ይህ መጽሐፍ ኢትዮጵያ ደርሶ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች ለብራና ወንጌሎቻቸው ሞዴል አድርገውታል። ሰዎቹን፣ አቋቋማቸውን፣ የታሪኩን አደራደር ወስደዋል። ከጀርባ ያለውን ኮረብታና ዛፍ ግን በአብዛኛው ትተው በቀለም መደብ ተኩት። በእጃቸው ላይ የነበረውን የአውሮፓ መልክዓ ምድር አይተው አስቀሩት ማለት ነው። የቅዱሱን ታሪክ የሚያይ ምእመን ኮረብታው ምን ያደርግለታል? አለመቻል ሳይሆን ሌላ ዓላማ ነው። ስለዚህ ከተፈጥሮ እያዩ መሳል የሥዕል ሁሉ መሠረት ነው የሚል ሰው ይህን ሁሉ ብራና በአንድ ቃል ይሰርዘዋል፤ እኔ በዚህ አልስማማም።

የኦሮሞ ገበሬና ከብት አርቢም አገሩን የሚያይበት የራሱ መንገድ አለው። በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ኢሬቻ ለማክበር የሚመጣው ሕዝብ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ውኃው ዳር ይቆማል። ሐይቁ ለእሱ ፈጣሪው የሚመሰገንበት ቦታ ነው፤ የሩቅ ተመልካች ዕይታ አይደለም። ዱከም አጠገብ ያለው ኦዳ ነቤም እንዲሁ ዛፍ ብቻ አይደለም። ቅጠሉን አንድ በአንድ የሚነድፍ ሰው የኦዳን ምንነት ያገኘው ቢመስለው ይሞኛል። ኦዳውን ከሐሳቡ የሚስል ሰው ምናልባት ይበልጥ ይቀርበዋል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ሌላ ክስ አለ፦ ቁጭ ብሎ አገር መንደፍ የእንግዳና የባለንብረት ዓይን ነው የሚል። መሠረት አለው። ሩበንስ በ1635 ሄት ስቴን የተባለ ርስት ከገዛ በኋላ ያንን ርስት ከነቤቱ በሰፊ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ስሎታል። በእኛ አገር ደግሞ ከአዋሽ በረሃ እስከ አንኮበር ያለውን አገር በዝርዝር ከነደፉት አንዱ ጀርመናዊው ዮሐን ማርቲን በርናትዝ ነው። ከ1841 እስከ 1843 በሣህለ ሥላሴ ዘመን የእንግሊዙን የሃሪስ መልእክተኞች ተከትሎ ሸዋ ቆየ፤ ሥዕሎቹም በ1852 ለንደን ታተሙ። ቡድኑ የመጣው ለውል ስምምነት ነው፤ ሥዕሉም ለውሉ ባለቤቶች ነው የተሠራው። ከእሱ በፊት የስኮትላንዳዊው ተጓዥ የጄምስ ብሩስ ነዳፊ የነበረው ሉዊጂ ባሉጋኒ አለ። የቦሎኛ ሰው ነው፤ የካራቺ ቤተሰብ በ1582 ከተፈጥሮ መንደፍን ማዕከል ያደረገ አካዳሚ የከፈተበት ከተማ። ባሉጋኒ የኢትዮጵያን ዕፅዋት በሚያስደንቅ ጥንቃቄ ነድፎ ጎንደር ላይ ሞተ፤ ብሩስ ግን ሥራውን የራሱ አድርጎ አቀረበው። ንድፍ ለማን እንደሚሠራና በማን ስም እንደሚቀር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ወንጂን የሚያውቅ ሰው ይህን ክስ በቀላሉ አይጥለውም። ከአዳማ ወረድ ብሎ ያለው ሜዳ፣ በቦይ የተከፋፈለው ቀጥ ያለ የሸንኮራ ማሳ፣ የተቀየሰው በሆላንዶች እጅ ነው። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የአምስተርዳም ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ አስጀመረ፤ ቀጥሎም ወደ መተሐራ ዘለቀ። የጅሌ ኦሮሞዎች በወንጂ፣ ከረዩዎች በመተሐራ የግጦሽ መሬት አጥተዋል። ጠፍጣፋ መሬትና ቀጥ ያለ ቦይ ውብ ነው ያሉት የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ሠዓሊዎች ናቸው፤ ያ ውበት አዋሽ ዳር ሲደርስ ለአንዳንዱ ሥራ፣ ለሌላው ስደት ሆነ። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ እርሳሱን መጣል ትክክል አይመስለኝም። የከረዩ ልጅ ወይም የወንጂ ሠራተኛ ልጅ ያንኑ ሜዳ ተቀምጦ ቢነድፈው የሚያየው ነገር የኩባንያው ቀያሽ ካየው ይለያል። ሌሎች ሲነድፉን ኖረዋልና እኛ አንንደፍ ማለት ንድፉን ለእነሱ መተው ነው።

እኔን ወደ መጀመሪያው ወገን የሚያዘነብለኝ ግን ከሁሉ በላይ መሬቱ ራሱ ነው። የስምጥ ሸለቆ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በፈንታሌ ሥር ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። የባቡር ሐዲዱንና የአስፋልቱን መንገድ ገፍቷል፣ ግጦሽ ውጧል። አንዳንዱ ከመስኖ የሚተርፈው ውኃ ነው ይላል፣ ሌላው ከመሬት ውስጥ የሚመጣው ፍል ውኃ ነው ይላል። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ደግሞ በዚያው አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ ነዋሪ ከቤቱ ወጥቷል። በሌላው ጫፍ አብያታ እየሸሸ ነው። ከደንበል ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣለት ውኃ በባቱና በመቂ ዙሪያ መስኖ ላይ ይውላል፤ በ1980ዎቹ የተጀመረው የሶዳ አሽ ፋብሪካም ከሐይቁ ሲቀዳ ቆይቷል። ውኃው ሲቀንስና ጨው ሲበዛ ዓሣው አለቀ። በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ እየሠሩ አብያታ ላይ ዓሣ ይበሉ የነበሩት ነጭ ፔሊካኖች ምግባቸውን ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። እንዲህ በሚለዋወጥ አገር ውስጥ ቦታና ቀን የተጻፈበት ንድፍ የሌለው የሥዕል ባህል አንድ ነገር ጎድሎታል።

ፎቶግራፍና ሳተላይት አለ፣ እርሳስ ለምን? ይህን የሚሉት ልክ ናቸው፤ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚለካው በሳተላይት ነው እንጂ በከሰል ንድፍ አይደለም። ንድፍ ከፎቶ የሚለየው ግን በሚወስደው ጊዜ ነው። በስልክ ያነሣነውን ሐይቅ ሳናየው ልንሄድ እንችላለን። አንድ ሰዓት ተቀምጦ የነደፈው ሰው ግን የትኛው ግራር እንደደረቀ፣ ጨዉ ነጭ ሆኖ እስከየት እንደደረሰ፣ ከብቶቹ በየት በኩል እንደሚወርዱ ሳያውቅ አይነሣም። ዋጋውም ትንሽ ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1958 አዲስ አበባ ላይ በከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመማር ሁሉም አይታደልም፤ እርሳስና ወረቀት ግን አርሲ ነገሌም ሻሸመኔም አለ። የባሮክ ነዳፊዎችም ቢሆኑ ብዙ አላወጡም፤ ከጭስ ማውጫ በተፋቀ ጥላሸት ቡናማ ቀለም አፍልተው በዝይ ላባ ይሠሩ ነበር። የእኛም ደብተራዎች ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ሲያዘጋጁ የኖሩ ናቸው።

አንድ የማይካድ እንቅፋት ግን አለ፤ ከቤት አይወጡም የሚለው ወገን ብዙ ጊዜ ይዘልለዋል። ሬምብራንት የተቀመጠበት የወንዝ ዳር ጥርጊያ ለሁሉም ክፍት ነበር። የቢሾፍቱና የላንጋኖ ዳርቻ ግን በብዙ ቦታ ታጥሯል፤ ለመግባት የመግቢያ ክፍያ ወይም ቢያንስ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ያስፈልጋል። ግድብ፣ ድልድይና የጦር ሰፈር አጠገብ ወረቀት ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ለማን ነው የምትስለው መባሉ አይቀርም። ጥበቃውን ብቻ አልወቅስም፤ ትዕዛዝ ነው። ስቱዲዮው ውስጥ የሚቀረው ሠዓሊም ሁሌ ሰነፍ አይደለም።

ገበያውም አለ። ጎጆና ጀምበር ይሸጣል፤ ተርባይን የሚገዛ ቱሪስት ገና አልመጣም። በፍየል ቆዳ ላይ በመሳል የሚታወቁት፣ በ2020 ያረፉት ለማ ጉያ ቢሾፍቱ ላይ የራሳቸውን ሙዚየም እስከ መክፈት የደረሱት ለረጅም ጊዜ ደክመው ነው፤ ሁሉም እንደሳቸው ሊሆን አይችልም። ሠዓሊው ኪራይ ይከፍላል፣ ልጅ ያስተምራል። ለሚገዛው የሚፈልገውን ሲስል ነውር የለበትም፤ ክሎድም ለሮማው ጳጳስ ለኡርባኖ ስምንተኛና ለመኳንንቱ የሌለ አገር እየሳለ ነው የኖረው። ልዩነቱ ክሎድ በጎን ሌላ ነገር መያዙ ነው፤ ከሜዳ ያመጣቸው ንድፎች ነበሩት፤ ከ1635 ገደማ ጀምሮ ደግሞ የሸጣቸውን ሥዕሎች እየነደፈ ለማን እንደሸጣቸው በጀርባው የሚጽፍበት መዝገብ ነበረው። 195 ገደማ ወረቀት ያለው ይህ መዝገብ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ሐሰተኛ ኮፒ እንዳይወጣበት ሲል የጀመረው የንግድ ጥንቃቄ ነው፤ ለእኛ ግን የአንድ ሠዓሊ ሙሉ ዕድሜ ሆኖ ቀረልን።

እኔ ብጠየቅ ስለ ሥዕሉ ሠዓሊውን አላስጨንቀውም፤ ተርባይኑን ያስገባው፣ ያውጣው። ንድፉን ግን እፈልገዋለሁ፤ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎበት፣ ለሽያጭ ሳይሆን ለማኅደር። መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ በሰቃ ነው፤ ከሁሉ ፈጥኖ የሚለወጠው እሱ ነውና። ቀጥሎ አብያታ። እዚያ ግን ዳርቻው ላይ መቀመጥ አያዋጣም፤ ዛሬ የተቀመጡበት ዳር ከጥቂት ዓመት በኋላ ዳር አይሆንም። በአብያታና በሻላ መካከል ያለው ኮረብታ ይሻላል፤ ከዚያ ላይ ሁለቱም በአንድ ወረቀት ይገባሉ። ሻላ እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅና ዳርቻው ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሐይቅ ስለሆነ በቀላሉ አይሸሽም። አብያታ ምን ያህል እንደራቀ የሚለካው በእሱ ነው።